አጎዛውን ማን አረጠበው?

ተረት ልጀምር ነው። ወሬ ያለው ወሬውን ይጨርስ፣ ሳል ያለበት ይሳል፣ የምትገፋፉም አሁኑኑ ተገፋፍታችሁ ይብቃችሁ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ «አባባ፣ ምን አሉ?» ብሎ የሚያስደግመኝን ሰው አልወድም። ጨረሳችሁ? እንግዲህ ስሙ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳ ሁሉ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ ስሟን በረሳሁት አንዲት አገር ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አያ አዝመራው ይባላል። አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከሰዎቹ ሌላ ቤቱ ውስጥ አንድ ሙክት በግ፣ አንድ ውሻና አንዲት ድመት ይኖሩ ነበር። ሙክቱ ከመብላት በቀር ሥራ የለውም፤ ለምን ይህን ያህል እንደሚያበሉትም ጠይቆ አያውቅም። ውሻው ምን ቸገረኝ ይባላል። ይህን ስም አያ አዝመራው ያወጣው ለውሻው ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ከአጥር ማዶ ላለችው ወሬኛ ጎረቤት ነው። «ና፣ ምን ቸገረኝ» «ሂድ፣ ምን ቸገረኝ» እያለ ሲጣራ እሷ እንድትሰማው ነው። ውሻው ግን ሁሉ ነገር የሚቸግረው ፍጥረት ነበር። ቅጠል ሲወድቅ ይጮሃል፤ ሳይወድቅ ሲቀር ደግሞ ለምን አልወደቀም ብሎ ይጮሃል።

ድመቷ እመት ውሮ ናት። እመት ውሮ በጨዋነቷ አገር ያወቃት ነበረች። ስትበላ አትታይ፣ ስትሰርቅ አትታይ፣ ስትሸና አትታይ። ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? ከምድጃው ጥግ የከረመ የአመድ ክምር ነበር። ሰው ሁሉ ከቤት ሲወጣ ትሄድና ቆፈር ቆፈር ታደርጋለች። እፎይ ትላለች። ከዚያ ከደን ከደን አድርጋ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተመልሳ ትተኛለች። ስለዚህ የሽንት ወሬ በተነሣ ቁጥር ፊቷን በመዳፏ እየታጠበች፣ «የእኔን ሽንት ያየ ካለ ይምጣና ይመስክር» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ያየ የለም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባዘዘው የሚባል ጎረምሳ አንጓችን ወደዳት። እሷም ወንዝ ወርዳ ስታየው እንስራዋ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ፈዝዛ ቆመች። የዚያ አገር ሰው ግን ተዋደድን ብሎ አይጋባም፤ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እንግድነቱን ተቀምጦ፣ ጉዳዩን ቆሞ ነው የሚናገረው። ደስ ብሎት ከወጣ ሠርግ አለ። ተቀይሞ ከወጣ ግን ያን ቤት ሁለተኛ አይረግጠውም፤ ልጅቷም የወደደችውን ልጅ በሩቁ እያየች ትኖራለች። አንጓች ይህን ስለምታውቅ፣ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ከተባለ ጀምሮ ምግብ አልበላ አላት።

እናቷ ስንዱ ድሮም ንጽሕና የምትወድ ሴት ናት፤ ሽማግሌ ይመጣል ሲሏት ጭራሽ አበደች። ግድግዳውን በእበት ለቀለቀች። ወለሉን ለቀለቀች። ምሰሶውን ለቀለቀች። አያ አዝመራው ጥግ ላይ ጋደም ብሎ ነበርና ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ «ይህ አመድ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?» አለችና የከረመውን ክምር ዝቃ ዝቃ፣ በቅርጫት ተሸክማ ጓሮ ጎመኑ ላይ በተነችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ምድጃው በበረደ ቁጥር አመዱን ጠርጋ ትጥላለች። መደቡ ላይ ደግሞ የክብር እንግዳ የሚቀመጥበትን አዲስ ነጭ አጎዛ አነጠፈች።

እመት ውሮ ከጎተራው ሥር አይጥ ስትጠብቅ ውላ መጣች። ወደ ጥጓ ሄደች። አመድ የለም። ቆፈር ብታደርግ ጥፍሯ ከደረቀ እበት ጋር ተገናኘ። ወደ ደጅ ወጣች፤ ክረምት ነውና ዝናቡ ይወርዳል። ድመትና ዝናብ እንዴት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። እንደ ምንም ብላ ጓሮ ብትደርስ አመዷን ከጎመኑ መሀል አገኘችው፤ ነገር ግን ዝናብ አቡክቶት ጭቃ ሆኗል። ተመልሳ ገባች። እግሯን አጣብቃ ቤቱን ዞረችው። በመጨረሻ አጎዛውን አየችው። ነጭ ነው። ለስላሳ ነው። እግር ሲያሳርፉበት ስምጥ ይላል።

«ይህ ነገር አመድ ባይሆንም የአመድ ዘመድ ነው» አለች።

ቆፈር ቆፈር። እፎይ። ከደን ከደን።

በማግሥቱ ቤቱ ሸተተ። የድመት ሽንት ሽታ የማታውቁ ልጆች ካላችሁ አምላካችሁን አመስግኑ። አፍንጫ ገብቶ ከአንጎል ጋር ነው የሚማከረው። ስንዱ አጎዛውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መጣችና ቤተሰቡን ሁሉ ሰበሰበች።

«በሽማግሌ መቀመጫ ላይ የሸና ማን ነው? ማንም ይሁን ማን ከዚህ ቤት ይወጣል» አለች።

እመት ውሮ ጆሮዋን አቆመች። ድመት ከቤት ስትባረር በስልቻ ታስራ ወንዝ ማዶ እንደምትጣል ሰምታለች። ፊቷን በመዳፏ ታጠበችና፣ «እሜቴ፣ እኔ ሰው አላማም። የእኔን ሽንት ያየ ካለ ይምጣና ይመስክር። ግን እስቲ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የሚውለው ማን ነው?» አለች።

ሁሉም ወደ ሙክቱ ዞሩ። ሙክቱ ያመነዥካል።

«አንተ ነህ?» አለች ስንዱ።

«ምኑ?»

«የሸናኸው።»

«አዎ፣ ሸንቻለሁ።»

«የት?»

ሙክቱ ትንሽ አሰበ። «የቆምኩበት» አለ።

ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል? ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤት ጩኸቱን ሰምታ፣ «አፍንጫውን እዚያው ላይ እሺው፤ ሁለተኛ አይለምደውም» ብላ መከረች። ስንዱም የሙክቱን አፍንጫ አጎዛው ላይ ደፈቀችው። ሙክቱ ጨው መሰለውና ላሰው። ላሰና፣ «ሌላም አለ?» አለ። ስንዱ በንዴት ልትሞት ደረሰች። እየጎተተች አውጥታ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ጠፈጠፉ ከሚወርድበት አሰረችው።

አጎዛው ታጠበ። ምድጃው ተጠረገ። እመት ውሮ መጣች። ቆፈር ቆፈር። እፎይ። ከደን ከደን።

«ደግሞ ማን ነው?» ብላ ጮኸች ስንዱ።

እመት ውሮ ፊቷን ታጠበች። «እሜቴ፣ እኔ ሰው አላማም። የእኔን ሽንት ያየ ካለ ይምጣና ይመስክር። ግን እግሩን እያነሣ አጥር የሚያጥበው ማን ነው?»

ምን ቸገረኝ ከተኛበት ተስፈንጥሮ ተነሣ። «እኔ? እኔ ቤት ውስጥ? እኔ እኮ የምሸናው ድንበር ለማስከበር ነው። መደብ ላይ ምን ድንበር አለኝ? ከማን ጋር ነው መደብ ላይ የምዋሰነው? ይህቺ አይጥ በላ፣ ይህቺ ጢማም፣ ይህቺ…» እያለ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቤቱን አናወጠው።

እናንተ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እውነት ይዞ የሚጮህ ሰው ውሸት ይዞ ከሚንሾካሾክ ሰው ጋር ሲከራከር ሁልጊዜ ይሸነፋል። ያናድዳል፤ ግን እንዲያ ነው። ስንዱ መጥረጊያዋን አነሣችና ውሻውን እስከ ደጁ በር አባረረችው። «እዚያው እደር» አለችው። ምስኪኑ በሩ ሥር ኩርምት ብሎ፣ በጅብ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ አደረ።

ከዚያ ስንዱ አጎዛውን ታክመው ጀመር። አጠበችው። በወይራ ጭስ አጠነችው። ሎሚ ጨመቀችበት። ጤና አዳም አሸችበት። አሁን አጎዛው ወይራ ወይራ ይላል፣ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ጤና አዳም ጤና አዳም ይላል፤ ከሁሉም በላይ ግን ሽንት ሽንት ይላል። ደክሟት መደቡ ላይ መልሳ አነጠፈችውና ምድጃዋን ጠርጋ ተኛች። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ቆፈር ቆፈር። እፎይ። ከደን ከደን።

አሁንስ ማን ይከሰስ? ሙክቱ ውጭ ነው። ውሻው ውጭ ነው። ስንዱ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እመት ውሮ ቀስ ብላ ጭኗ ላይ ወጣችና እየተሻሸቻት ኩርር ኩርር ማለት ጀመረች።

«እሜቴ፣ እኔ ሰው አላማም።»

«ተናገሪ እስቲ።»

«እንዲያው ለነገሩ ነው። ማታ ማታ ያ አጎዛ ላይ ጋደም የሚለው ማን ነው? ጠላ በዋንጫ ላይ ዋንጫ የሚያንቆረቁረውስ ማን ነው? ዕድሜም አለ፣ እሜቴ። ዕድሜ ደግሞ አያስነግርም።»

ስንዱ ደነገጠች። ወደ ባሏ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የአንጓች አባት፣ እንዳያፍሩ። በእርስዎ አልተጀመረም» አለችው።

«ምኑ ነው ያልተጀመረው?»

«አጎዛው።»

አያ አዝመራው ሲገባው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «አንቺ ሴት፣ ቀልብሽን ስተሻል? እኔ አዝመራው? እኔ?» ብሎ ዱላውን አነሣ። ከዚያ ትዝ አለው። ሌሊቱን በሕልሙ ወንዝ ሲሻገር ነበር ያደረው። ዱላውን መልሶ አስቀመጠ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሰው ሰላም አጣ። ጠላ እርም አለ። ውሃ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ጋቢውን ተከናንቦ በዝናብ ይወጣል፣ ይገባል፤ ይወጣል፣ ይገባል። ምን ቸገረኝ ከበሩ ሥር ሆኖ ያየዋል።

«ጌታዬ» አለው አንድ ቀን፣ «እርስዎንም አስወጡዎት እንዴ?»

ውሻው ያንን ቀን እየሳቀ ዋለ።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ስንዱ አጎዛውን አጥባ፣ በእሳት ዳር አድርቃ አነጠፈች። የወይራውን ጭስ ቤቱ እስኪታፈን ድረስ አጨሰችው። ከደጅ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ሲሰማ ቤተሰቡ ሁሉ እንግዶቹን ሊቀበል ወጣ። ቤቱ ባዶ ሆነ። እመት ውሮ ግራ ቀኟን አየች። እናንተ አትሳቁ፣ ገና ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ትልቁ አያ ወንዳፍራሽ ናቸው፤ አንደበታቸው የተመሰገነ፣ ሙሽራው የተማመነባቸው። ሁለተኛው አያ ደምስ ናቸው፤ ወግ ከሚጣስ ጥርሳቸው ቢወልቅ ይመርጣሉ። ሦስተኛው አያ ጎንጤ ጆሯቸው የደከመ ስለሆነ፣ ሰው ቅር እንዳይለው በየመሀሉ «እውነት ነው» ይላሉ። ሲገቡ ጭሱ ከመክበዱ የተነሣ ከሳላቸው በቀር የሚታይ አልነበረም። የሸተተውም ቢኖር በዚያ ጭስ ማን ይለየዋል? አያ አዝመራው አያ ወንዳፍራሽን በክንዳቸው ይዞ የክብሩ ቦታ ላይ፣ አጎዛው ላይ አስቀመጣቸው።

አያ ወንዳፍራሽ ተመቻቹ። መጀመሪያ ሙቀት ተሰማቸው። «ደግ ቤት ነው፣ መቀመጫው እንኳ ይሞቃል» አሉ በሆዳቸው። ቀጥሎ እርጥበት ተሰማቸው። ሱሪያቸውን በስውር ነካ አደረጉት። ላብ አጠመቃቸው።

«ወየው ወንዳፍራሽ» አሉ በሆዳቸው፣ «ደረሰብህ። አረጀህ። ያውም በሰው ቤት። ያውም በሽምግልና።»

ጠላው ቀረበ፤ ተጠጣ። የአገሩ ደህንነት፣ የከብቱ ደህንነት፣ የዝናቡ ነገር ተወራ። የጉዳዩ ሰዓት ደረሰ። አያ ደምስ ተነሡ። አያ ጎንጤም ሲነሡ አይተው ተነሡ። አያ ወንዳፍራሽ እንደተቀመጡ ናቸው።

«አያ ወንዳፍራሽ፣ ይነሡ እንጂ» አሉ አያ ደምስ።

«እግሬ ደንዝዟል።»

«እንደግፍዎት።»

«አይንኩኝ። ጠላ ይጨመርልኝ እንጂ፣ ግሩም ጠላ ነው።»

ብልሃታቸው ገብቷችኋል? ጠላውን ጭናቸው ላይ ደፍተው ሊያሳብቡ ነው። ዋንጫው ሞልቶ ቀረበላቸው። እጃቸውን አንቀጥቅጠው ዋንጫውን ለቀቁት። ስንዱ ግን በለቀለቀችው ወለል ላይ ጠብታ እንዲወድቅ የምትፈቅድ ሴት አይደለችም። ተወርውራ ዋንጫውን በአየር ላይ ቀለበችው። ጠብም አላለ። አያ ወንዳፍራሽ እንዲህ ያለች ባለሙያ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም፤ እንደዚያን ቀንም ባለሙያ ጠልተው አያውቁም።

ይኼኔ አያ አዝመራው ዓይኑ የአጎዛው ጠርዝ ላይ አረፈ። ጠቁሯል፤ ርሷል። እንግዶቹን ሲጠብቅ እዚያው ላይ ጋደም ብሎ ነበራ። «አምላኬ፣ እኚህን የተከበሩ ሰው በገዛ ሽንቴ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከተነሡ ይታያል፤ ጉዴ ፈላ» ብሎ አሰበና ከመቀመጫው ዘሎ ትከሻቸውን ተጫነ።

«አይነሡ፣ አባቴ። በሞቴ። ተቀምጠው ይናገሩ።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉ አያ ወንዳፍራሽ ይበልጥ እየተደላደሉ።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አሉ አያ ደምስ። «ልጅ ተቀምጦ ይጠየቃል? ተቀምጦ የተጠየቀች ሚስት ቆማ ትሄዳለች ሲባል አልሰማችሁም?»

«እውነት ነው» አሉ አያ ጎንጤ።

«እኔ የልጅቷ አባት ነኝ፤ ተቀመጡ ካልኩ ይቀመጡ» አለ አያ አዝመራው።

«እውነት ነው» አሉ አያ ጎንጤ።

«እንግዲያው ንቃችሁናል ማለት ነው» አሉ አያ ደምስና ዱላቸውን ከግድግዳው አነሡ። «አያ ወንዳፍራሽ፣ ወይ ተነሥተው ይጠይቁ፣ ወይ እኔ ከዚህ በር ልውጣ። እኔ ከወጣሁ ደግሞ የባዘዘው ወገን ወደዚህ ቤት አይመለስም።»

አያ ወንዳፍራሽ አንገታቸውን ደፉ። አያ አዝመራው አንገቱን ደፋ። ሁለት ወንዶች፣ ሁለቱም ያልሸኑትን ሽንት እየደበቁ፣ የአንዲት ልጅ ሠርግ ሊያበላሹ ነው።

ጓዳ ውስጥ አንጓች ይህን ሁሉ ትሰማለች። እመት ውሮን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ «ውሮዬ፣ አለቀልኝ» ብላ አለቀሰች። እመት ውሮን ከተወለደች ጀምሮ ወተት እያጠጣች ያሳደገቻት አንጓች ናት። ድመቷ ልቧ ተነካ። «ልናገር ይሆን?» አለች። ወዲያው ስልቻው ታያት። ወንዙ ታያት። «ልጅቷ ሌላ ባል ታገኛለች፤ እኔ ሌላ ቤት ከየት አገኛለሁ?» አለችና አፏን ዘጋች። ክፉ ናት አልልም፤ ፈሪ ናት። ፈሪ ግን ከክፉ የባሰ የሚያጠፋበት ቀን አለ።

አፍ ቢዘጋም ሌላው ነገር አይዘጋማ። ጠዋት የጠጣችው ወተት፣ ድንጋጤው፣ ጭሱ፣ አንጓች ሆዷን ጨምቃ መያዟ፣ ሁሉ ተደማመረ። እመት ውሮ ተቁነጠነጠች፤ ከእቅፏ አምልጣ ወረደች። ወለሉ ደረቅ እበት ነው። በሩ ላይ አያ ደምስ ቆመዋል። ከትከሻቸው የወረደው ጋቢ ጫፉ መሬት ለመሬት ተንጠልጥሏል። ነጭ ነው። ለስላሳ ነው። እግር ሲያሳርፉበት ስምጥ ይላል።

«የአመድ ዘመድ» አለች እመት ውሮ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ሌላ አላየም።

ሰዎቹ ተኳርፈው ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በአያ አዝመራው ፊት፣ በስንዱ ፊት፣ በሦስቱም ሽማግሌዎች ፊት ሄደች። ቆፈር ቆፈር። ሁሉም አዩ። እፎይ። ሁሉም አዩ። ከደን ከደን። ቀና ስትል ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው። መዳፏን አንሥታ ፊቷን ልትታጠብ ጀመረችና መሀል ላይ ተወችው።

«እውነት ነው» አሉ አያ ጎንጤ።

አያ ወንዳፍራሽ እንደ ኮርማ ዘለው ተነሡ። «የኔ አይደለም» አሉ፣ የረጠበ ሱሪያቸውን ለሁሉም እያሳዩ፤ «የኔ አይደለም፣ የሷ ነው።»

«የኔም አይደለም» አለ አያ አዝመራው። ሁለቱ ተቃቅፈው መሳሳም ያዙ።

«የኔም አይደለም ብያችሁ ነበር» ብሎ ጮኸ ምን ቸገረኝ ከደጁ በር።

«የኔ ነው እንዴ?» አለ ሙክቱ፣ ጠፈጠፍ ጭንቅላቱ ላይ እየወረደበት።

አያ ወንዳፍራሽ የቆሙ አይቀር ብለው እዚያው ጉዳያቸውን ጀመሩ። እንደዚያን ቀን ያለ ልመና በዚያ አገር ተሰምቶ አይታወቅም ይላሉ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ከኋላቸው እየተንጠባጠቡ፣ ባዘዘውን ሲያሞግሱ፣ አንጓችን ሲያመሰግኑ፣ ሁለቱን ቤት ሲያዛምዱ አያ ደምስ እንኳ የራሰ ጋቢያቸውን ረስተው አፋቸውን ከፈቱ። የሴት ልጅ አባት ወግ «ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ» ማለት ነው። አያ አዝመራው ግን በደስታ ብዛት «ወስዳችኋታል» ሊል አፉን ሲያላቅቅ፣ ስንዱ ጎኑን ቆነጠጠችው። «ዘመድ… ትንሽ ዘመድ ላማክር» አለ። ጓዳ ውስጥ አንጓች እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ሥራው ግን አላለቀም። ስንዱ ስልቻውን ይዛ መጣች። እመት ውሮም አልሸሸችም።

«ይጣሉኝ፣ እሜቴ። ዋሽቻለሁ፤ ይገባኛል» አለች። «ከመጣሌ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አመዴን ምን አደረጉት?»

«የምን አመድ?»

«ከምድጃው ጥግ የነበረውን። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሄደው እዚያ ነበር። አንድ ቀን ብመጣ የለም። በዝናብ የት ልሂድ?»

ስንዱ ስልቻውን ልትከፍት ስትል አያ ደምስ ዱላቸውን ዘረጉ። «ቆይ። ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድም፤ ወግ ነው» አሉ። ጋቢያቸው የራሰው እሳቸው ስለሆኑ የሚቃወማቸው አልተገኘም። ለሠርግ የመጡት ሽማግሌዎች ለድመት ዳኝነት ተቀመጡ፤ አያ ወንዳፍራሽ ብቻ ቆመው ቀሩ።

«ስንዱ» አሉ አያ ደምስ፣ «አንቺ ንጹሕ ሴት ነሽ። እስቲ አንድ ጠዋት ብትነሺ ጓሮሽ ሁሉ በእሾህ ታጥሮ ብታገኚው፣ የት ትሄጃለሽ?»

ስንዱ መልሱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። መልሳ ዋጠችው። ፊቷ ቀላ። በለቀለቀችው ቤት ውስጥ የምታያትን ነጥብ ሁሉ ስታጠፋ፣ ያቺ እንስሳ የት እንደምትሄድ አንድ ጊዜ እንኳ አለማሰቧ ትዝ አላት፤ ስልቻውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ፈረዱ። ለሽንቱ ድመቷ ምሕረት ይደረግላታል፤ ስንዱ በተሰበረ እንስራ ገል አመድ ሞልታ ከጥጉ ታስቀምጥላታለች፣ ሲረጥብም ትለውጥላታለች። ለውሸቱ ግን ምሕረት የለም፤ ያማቻቸው ሁሉ ዘንድ እየሄደች «እኔ ነኝ» ትበል። እመት ውሮ ይህን ስትሰማ፣ «ስልቻው አይሻልም?» ብላ ለመነች። አልሰሟትም።

አያ አዝመራው ዘንድ ሄደች። «እኔ ነኝ» አለችው። ዋንጫውን አስሞልቶ በአንድ ትንፋሽ ጠጣና ማራት። ሙክቱ ዘንድ ሄደች። «እኔ ነኝ» አለችው። «እኔስ እኔ ነኝ» አላት ሙክቱ፣ ሰላምታ መስሎት። ምን ቸገረኝ ዘንድ ስትሄድ ግን ገና አፏን ሳትከፍት ተነሥቶ አባረራት። ይኸው እስከ ዛሬ እሷ ይቅርታዋን እየሮጠች ትጠይቃለች፣ እሱም እየሮጠ ይሰማታል፤ አልጨረሱም።

ዘመድ ተማከረ፣ ሽማግሌ ተመለሰ፣ ሠርጉ ተሠረገ። ሙክቱስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሠርግ ነበር አልኳችሁ እኮ፤ አትጠይቁኝ። አንጓች ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ እመት ውሮን በብብቷ ይዛ፣ በሌላው እጇ በነጠላ የተሸፈነች ትንሽ ቅርጫት አንጠልጥላ ነበር። አማቷ ጥሎሽ መስሏቸው ነጠላውን ገለጥ ቢያደርጉ አመድ ሆነ። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሏት።

«የእንግዳዎ ነው፣ እሜቴ» አለች አንጓች። «ሽታው ከሚያጣላን ከመጀመሪያው ቦታ ይሰጣት።»

አማቷ ሳቁና ጥግ ለቀቁላት። በዚያ ቤት እስከ መጨረሻው አጎዛው ደረቅ ነበር።

ተረቴን በላሁት፣ ለእናንተም አካፈልኩ። አሁን ተራ በተራ ደጅ ወጥታችሁ ኑ፤ በኋላ ፍራሹን ያረጠበው ድመቷ ናት የሚለኝ እንዳይኖር። የድሮ ሰው እንዲህ ብሏል፦

አመዱን ጠርገው ድመት ቢያሙ፣ በገዛ አጎዛቸው ረጥበው ቆሙ።